በቅሎ ደክሟት የታሸገው ወፍጮ

የአግዳሚ ፓርቲ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «በዕለቱ፣ ከምሳ በፊት፣ እንደራሴ ወንድይራድ ማንም ሳይነካቸው ከፓርቲው አግዳሚ ላይ በገዛ ፈቃዳቸው ተነሥተዋል።»

እንደራሴ ወንድይራድ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «እኔ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። የተነሣው አግዳሚው ነው።»

አግዳሚውን አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ መምህራችን የላይኛውን ሸንጎ ሊያስጎበኙን ወስደውን ነበር። ሠላሳ ሰው የሚይዝ፣ ከአንድ የዝግባ ግንድ የተጠረበ መቀመጫ ነው፤ ባዶውን እንኳ ለማንሣት ስምንት ጎልማሳ ይፈልጋል። ሃያ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከሠላሳኛው ሰው ሥር ብቻ እንዴት ሊነሣ እንደሚችል አላውቅም። በሌላ በኩል፣ እንደራሴው ጉልበታቸውን ሪህ ይዞታል፤ ከመቀመጫ ለመነሣት ግራና ቀኝ የሚደግፋቸው ሰው ይፈልጋሉ። ማንም ሳይነካቸው እንዴት እንደተነሡም አላውቅም። ስለዚህ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጬ አቆየኋቸው። በዚያ ወቅት ሥራዬ ይኸው ነበር።

በአገራችን እያንዳንዱ ከተማ ለላይኛው ሸንጎ በየስድስት ዓመቱ አንድ እንደራሴ ይልካል። በሸንጎው ውስጥ ወንበር የለም፤ ያለው አግዳሚ ነው፣ አግዳሚውም የፓርቲ ነው። ፓርቲ የሌለው እንደራሴ ይቆማል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ መቀመጫ ስለሌለ ነው። ነገር ግን በሸንጎው ሥርዓት የቆመ ሰው ለመሄድ እንደተነሣ ስለሚቆጠር የሚናገረው ሁሉ በስንብት ንግግሮች መዝገብ ላይ ይጻፋል። እንደራሴ ወንድይራድ አግዳሚ ካጡ ወዲህ አርባ አንድ የስንብት ንግግር አድርገዋል። ሸንጎው ለእያንዳንዱ አጨብጭቦ መልካም መንገድ ተመኝቶላቸዋል። በማግሥቱ እዚያው ቆመው ሲያገኛቸው ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» ይላቸዋል።

አርባ አንዱም ንግግር ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ ከተማችን ወፍጮ።

የወፍጮው ነገር ቀላል ነው። ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቀው በማዶ ከተማ ዱቄት ውስጥ አሸዋ የሚቀላቅል ባለ ወፍጮ ነበር። የእሽግ መሥሪያ ቤት ያንን ወፍጮ የሚያሽግ ሹም ላከ። ሹሙ እኛ ከተማ ሲደርስ በቅሎው ደከመች። ሁለት ቀን አሳረፋት፤ አልተነሣችም። በሦስተኛው ቀን «ወፍጮ ያው ወፍጮ ነው» አለና የእኛን ውሃ ወፍጮ በክርና በሰም አሽጎ ተመለሰ። በመዝገብ የጻፈው ግን የታዘዘውን ነው፦ የማዶ ከተማ ወፍጮ ታሽጓል።

ከዚያ ወዲህ የማዶ ከተማ ወፍጮ በመዝገብ ታሽጎ በተግባር ይፈጫል። የእኛው በተግባር ታሽጎ በመዝገብ ይፈጫል። ይነሣልን ብለን ስናመለክት መሥሪያ ቤቱ «የሌለ እሽግ አይነሣም» ብሎ ይመልሳል። እንስበረው እንዳንል ደግሞ የመንግሥት እሽግ መስበር ወንጀል ነው።

ወንጀል መሆኑን ያረጋገጡልን የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ማናዬ ናቸው። ወፍጮው በታሸገ በስምንተኛው ወር ክሩን በማጭድ ቆረጡት። ዳኛው ሕጉን ገልጦ አየ። የእሽግ ሰባሪ ቅጣት፣ የሰበረው እሽግ በሕግ እስኪነሣ ድረስ በሩ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በመዝገብ ያለው እሽግ ደግሞ የማዶ ከተማው ነው። ስለዚህ የእኛ በር ሰሙ ተለሰነና እንደገና ታሸገ፤ ጋሽ ማናዬ ማዶ ከተማ ሄደው የዚያን ወፍጮ በር እንዲጠብቁ ተፈረደባቸው። ይኸው አምስት ዓመት፣ ያለ ዕረፍት በሚፈጭ ወፍጮ በር ላይ ተቀምጠው እሽጉን ይጠብቃሉ።

ሚስታቸው እትዬ እንጉዳይ እዚሁ ቀሩ። ሕጉ የታሸገ ቤት ባለቤት በዚያው ቤት እንዲያድር ያዛል፤ ጋሽ ማናዬ በሌሉበት የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ማዶ ከተማ መሄጃው ብቻ አንድ ቀን ስለሚፈጅ ባልና ሚስቱ ከፍርዱ ወዲህ አልተያዩም። መዝገብ በማያውቀው እሽግ ይህ ሕግ እንዴት ይሠራል ብዬ የከተማውን ጸሐፊ አቶ ሙሉሰውን ጠይቄአቸው ነበር።

«ሕግ ማንበብ አይችልም» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ሰሙን ነው የሚያየው።»

ወፍጮው ከታሸገ ወዲህ የከተማው ሴት ሁሉ እህሏን በድንጋይ መፍጨት ጀመረች። አቅም የሌላቸው፣ አራሶችና ሽማግሌዎች፣ እህላቸውን እንደ ዱሮው ወደ ወፍጮው ቤት ያመጣሉ። እትዬ እንጉዳይ እንደ ዱሮው በተራ እየተቀበሉ፣ ደጃፉ ላይ ባስቀመጡት የእጅ ወፍጮ ይፈጩላቸዋል። የቀኝ እጃቸው አብጦ መጅ መያዝ ካቃተው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን የሚፈጩት በግራቸው ነው።

እንደራሴ ወንድይራድ በዚያን ጊዜ አዲስ የተመረጡ የአግዳሚ ፓርቲ ሰው ነበሩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ ስለዚህ ወፍጮ ሲናገሩ «ስህተት» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሁለቱም ወገን ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ስለ ሹመቴ ልናገር።

ከተማችን ሁለት ሰፈር ናት፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ላይ ሰፈር ከጥንት ጀምሮ አግዳሚ ፓርቲን ይመርጣል። ታች ሰፈር ሌላውን ይመርጣል፤ ሌላው ማንም ቢሆን። የመራጮቻቸው ቁጥር እኩል ነው፤ ሁለት መቶ ስምንት ለሁለት መቶ ስምንት። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ስምምነት ነው። ከአንዱ ሰፈር ሰው ሲሞት ሌላው ሰፈር ሐዘኑን ለመካፈል አንድ መራጩን ቤት ያውላል። ላይ ሰፈር ሙሽራ ሲያመጣ ታች ሰፈርም በችኮላ ሙሽራ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት በከተማችን ጠብ የለም። አሸናፊም የለም።

አሸናፊ እንዲገኝ አባቶች አንድ ሹመት ፈጠሩ፤ «ያልወሰነው» ይባላል። ያልወሰነው በከተማው ውስጥ ሐሳቡን ያልቆረጠ ብቸኛ ሰው ነው። ተወዳዳሪዎች የሚሰብኩት እሱን ነው፤ ሌላውን መስበክ ትርፉ ድካም ነው። በምርጫው ቀን ሁሉም ከተናገረ በኋላ እሱ ይናገራል፣ ከተማዋም እንደራሴ ታገኛለች።

እኔ ለዚህ የበቃሁት ኮሌጅ ጨርሼ ለማስተማር በመጣሁ በሳምንቱ ነው። ሽማግሌዎች ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጠሩኝና «ወተት ይሻላል ሻይ?» አሉኝ።

«ለማን?» አልኳቸው።

ተያዩ።

«በስንት ሰዓትስ?» ብዬ ጨመርኩ።

አንደኛው ሽማግሌ የዝንብ ጭራቸውን ጥለው ብድግ አሉ። «ይኸው! አንድዬ ራሱ ነው የላከልን!»

የሹመቱ ሕግ ብዙ ነው። ያልወሰነው አንድ ቀን ላይ ሰፈር፣ አንድ ቀን ታች ሰፈር ይበላል። «እሺ» አይልም። ራሱን አይነቀንቅም። ሰው ሲያወራው እንደ አገሩ ልማድ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎንታውን ማሳየት ክልክል ነው፤ አስም ይዞት በዚህ የተሻረ ያልወሰነ አለ ይባላል። ስለ ምርጫው ለሚነገረው ነገር የተፈቀደለት መልስ «ሰማሁ» ብቻ ነው። የሚያድረውም ከሁለቱ ሰፈር በማይቆጠር ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለው አንድ ነው፤ ድንበሩ ላይ የቆመው የወፍጮው ቤት። እትዬ እንጉዳይ ሰፈር ስለሌላቸው አይመርጡም፤ ስለ ምርጫውና ምርጫውን ስለሚነካ ጉዳይም ለእኔ መናገር አይፈቀድላቸውም።

«እንግዲህ ስለ ዝናቡ እያወራን እንኖራለን» አሉኝ በገባሁ ቀን፣ ክፍሌን ሲያሳዩኝ። «ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅህ ‹ለማን› እንዳትለኝ።»

ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው በመጀመሪያ የመጡት የአግዳሚ ፓርቲ ዕጩ አቶ ስንሻው ናቸው። የላይ ሰፈር ተወላጅ፣ አርባ ዓመት ግድም፣ ንጹሕ ሰው ናቸው። አቀማመጣቸው ያስቀናል። ባለ ሦስት እግሩ ዱካዬ ላይ ሲቀመጡ ዱካው ራሱ የኮራ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ አላደክምህም» አሉኝ። «በተመረጥኩ በአሥራ አምስተኛው ቀን በር የሚጠርግ ሰው ከዋናው ከተማ ይመጣል። በሩ ላይ ክርና ሰም ቢኖር ይጠርገዋል፤ በር ሲጠረግ ያለ ነው። ከተማው ደግሞ አንድ ወረቀት ይፈርማል።»

«ምን የሚል?»

«ወፍጯችን ታሽጎ አያውቅም የሚል።»

«ጋሽ ማናዬስ?»

«ልዋሽህ አልፈልግም። እሱን ልመልሰው አልችልም። እሱ የሚጠብቀው በመዝገብ ያለውን እሽግ ነው። ያ እሽግ እንዲነሣ ስህተት ነበር መባል አለበት። ይህቺን ቃል የሚናገር ሰው ደግሞ…» አሉና እጃቸውን በዱካው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ያዝ አደረጉት። «ዱቄቱን ግን አመጣለሁ። አራስ እኅቴ ትናንት ቆሎ ቆርጥማ ነው ያደረችው፤ እንጉዳይ ዘንድ ተራ አልደርሳት ብሎ። ይህን ሳትሰማ እንዳትወስን።»

«ሰማሁ» አልኩ።

እንደራሴ ወንድይራድ የመጡት በሳምንቱ ነው። በከዘራ እየተደገፉ፣ ሁለት ጊዜ ቆመው አርፈው። ዱካውን ሳቀርብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተወው፣ ልጄ። ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ አጣለሁ። ደግሞ መቆም ለምጄዋለሁ፤ ቤቴም ራቴን ቆሜ ነው የምበላው። ሚስቴ ፈረስ ነው ያገባሁት ትላለች።»

«ምን ሊያደርጉልን ያስባሉ?»

«ስህተታቸውን እንዲያምኑ አደርጋለሁ። ካመኑ የእኛ ወፍጮ ይከፈታል፣ ማናዬም ወደ ቤቱ ይመጣል። ሁለቱም ባንድ ቀን።»

«መቼ?»

«እሱን አላውቅም።»

«በአርባ ሁለተኛው ንግግር?»

«በመቶኛውም ላይሆን ይችላል።» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሠላሳ ሦስተኛውን ሰምተኸዋል? እሱ ነው ጥሩው። ሁለት የእነሱ ሰዎች አልቅሰው ነበር። ቅር ካላለህ መጨረሻውን ልበልልህ?»

አሉልኝ። በእውነት ጥሩ ነበር። ሲጨርሱ ሳላስበው እጆቼ ሊያጨበጭቡ ተነሥተው አየር ላይ ቀሩ፤ እሳቸውም አዩአቸው። «አይዞህ» አሉኝ። «እዚያም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ያጨበጭቡና ይቀመጣሉ።»

እንግዲህ በፊቴ ያሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው እርግጠኛ የሆነ ግማሽ ነው፤ ወፍጮው በአሥራ አምስት ቀን ይከፈታል፣ ሰውዬው ግን ለዘላለም እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው እርግጠኛ ያልሆነ ሙሉ ነው፤ ወፍጮውም ይከፈታል፣ ሰውዬውም ይመለሳል፣ ወይም አንዱም አይሆንም። የወፍጮውን ቤት ኑሮ የማላውቅ እንግዳ ብሆን ኖሮ ይቀለኝ ይሆናል። እኔ ግን በየማለዳው የምነቃው በዚያ መጅ ድምፅ ነበር። ግራ እጅ የሚገፋው መጅ ድምፁ ይለያል፤ ሄዶ ሲመለስ ይንገዳገዳል።

ያልወሰነው ጉዳዩን በዓይኑ ለማየት የመጓዝ መብት አለው። ማዶ ከተማ ሄድኩ።

ጋሽ ማናዬ በወፍጮው መግቢያ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቅንድባቸው፣ ጺማቸውና ጋቢያቸው ባንድነት ነጭ ነው። ሰዎች ጆንያ ተሸክመው እግራቸውን እየተሻገሩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

«እለፉ፣ እለፉ! እሽጉን እንዳትነኩት እንጂ!» ይሉ ነበር ለሚገባው ሁሉ። እኔን ሲያዩ ዞር አሉ። «እንግዳ ነህ፤ ና ቁጭ በል። ኧረ እዚያ ጋ አይደለም! እሽጉ ላይ ልትቀመጥ ነው እኮ።» ባዶውን የበር ደፍ በአገጫቸው አሳዩኝና በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዱቄት በነነ።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ።

«አንተ ነህ ያልወሰነው? ቤቴ ነው የምታድረው?»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«እጇስ?»

«ቀኙ አብጧል። በግራ ነው የሚፈጩት።»

«በግራ?» አሉ። «እንጉዳይ? በግራ እጇ ጨው እንኳ ነስንሳ አታውቅም።» ዱቄቱን ከጋቢያቸው ላይ አራገፉ። «ስማኝ፣ ልጄ። ስንሻውን ምረጥና ገላግላት። እኔ ምን ሆንኩ? ምግብ ይሰጡኛል። ባለ ወፍጮውን አይተኸዋል? ያ አሸዋ ቀላቃይ! ድንጋይ መውቀር አስተምሬው ይኸው ሰው ወጥቶታል። ዱቄቱን እየው፤ የእኔን ያህል ባይሆንም ዱቄት ነው።»

ከጎናቸው አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። በየቀኑ እሽጉን አይተው የሚጽፉበት ነው። ገለጥኩት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያው ቃል ተጽፏል፦ እሽጉ ደህና ነው። እሽጉ ደህና ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ ሲሄድ እየተስተካከለ፣ እያማረ ይመጣል።

«ዱሮ ስጽፍ ያሳፍረኝ ነበር» አሉ ጋሽ ማናዬ። «አሁን ሌላ ነገር እያወራሁ ነው የምጽፈው።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእንጉዳይ አትንገራት እንጂ፣ አንዳንድ ቀን ቀና ስል አየዋለሁ።»

«ምኑን?»

«እሽጉን ነዋ። ቀይ ሰም፣ ክሩ፣ ሁሉ ነገሩ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ጆንያዋን ይዛ ልትገባ ስትል በዱላ መታኋት። እውነቴን ነው የምልህ፤ በሩ የተዘጋ መስሎኝ ነው።»

«ሰማሁ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ አነሰብኝ።

በማግሥቱ ስመለስ እትዬ እንጉዳይ ደጃፉ ላይ እየፈጩ ነበር። ቀና አላሉም።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

መጁ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። «መንገዱ ከስቷል ወይስ እንዳለ ነው?»

ገባኝ። ስለ ባላቸው መጠየቅ ምርጫውን ይነካልና ክልክል ነው፤ ስለ መንገድ መጠየቅ ግን ማንም አልከለከለም።

«ትንሽ ከስቷል። ይስቃል ግን።»

«ሸብቷል?»

«ሙሉ በሙሉ። ዱቄቱ ይሁን ሽበቱ መለየት ያስቸግራል።»

እትዬ እንጉዳይ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «እንዲያ ነው! እሱ መንገድ ዱሮም ፊቱን መታጠብ አይወድም።» ከዚያ መጁን አቆሙት። «ሌላስ?»

አትንገራት ተብያለሁ። ነገር ግን ያለኝ ሹመት ለሁለቱም ወገን እኩል እንድሆን ነው፤ እውነትን ለአንዱ ነግሬ ከሌላው ልደብቅ አይደለም። «አንዳንድ ቀን» አልኩ፣ «መንገዱ የሌለ ነገር ያያል። እየለመደው ነው መሰለኝ።»

ፊታቸውን ወደ ታሸገው በር አዞሩ። ሰሙ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ቆዳ መስሏል። ከዚያ ግራ እጃቸው መጁን ያዘና መፍጨቱን ቀጠለ።

የምርጫው ቀን ሁለቱ ሰፈሮች በድንበሩ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። በከተማችን ምርጫ በቃል ነው፤ መራጩ ወደ መሐል ወጥቶ ስም ይጠራል፣ አቶ ሙሉሰው ይጽፋሉ። ላይ ሰፈር በዚያ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሞቶበት ስለነበር ታች ሰፈር አንድ መራጭ ቤት አውሎ ነበር። ቤት የዋለው ሰው ግን ነገሩ አላስችል ብሎት አጥሩ ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር፦ «ለቅሶ ላይ ሆኜ ነው እንጂ ይህን ጊዜ አሳያችሁ ነበር!» ላይ ሰፈሮች «ነፍስ ይማር በል እንጂ፣ ወንድም!» እያሉ ይመልሱለታል።

እኩለ ቀን ሲሆን ቁጥሩ ተነበበ። ሁለት መቶ ሰባት ለአቶ ስንሻው። ሁለት መቶ ሰባት ለእንደራሴ ወንድይራድ።

«ያልወሰነው ይቅረብ» አሉ አቶ ሙሉሰው።

ወጣሁ። ወር ሙሉ ስመዝነው የከረምኩት ነገር ያን ቀን ጠዋትም እንደ መጀመሪያው ቀን እኩል ነበር። አንዱን ሳነሣ የዚያ መጅ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ሌላውን ሳነሣ ያ ደብተር። ያልወሰነው ከመናገሩ በፊት ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ የማቅረብ መብት አለው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ተወዳዳሪዎችን ነው የጠየቁት። ወጉን ለመከተል አፌን ስከፍት ግን ከሁለቱ ሰዎች ልሰማው የቀረኝ ነገር እንደሌለ ገባኝ።

«ጥያቄዬ ለእትዬ እንጉዳይ ነው» አልኩ።

ሜዳው ተናወጠ። «እሷ ሰፈር የላትም!» አለ ከላይ ሰፈር አንዱ። «ባለ ጉዳይ እንዴት ይጠየቃል?» አለ ከታች ሰፈር ሌላው። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ሙሉሰው ሕጉን ገለጡ፤ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «‹አንድ ሰው› ነው የሚለው» አሉ። «እንጉዳይ ሰው ናት። ትምጣ።»

እትዬ እንጉዳይ ከደጃፋቸው ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ መጡ። በሁለቱ ሰፈር መሐል ሲቆሙ እዚያ ቆመው አይቻቸው እንደማላውቅ ልብ አልኩ።

«እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይመርጡ ነበር?» አልኳቸው።

እንደራሴ ወንድይራድ በከዘራቸው ላይ ጎንበስ አሉ። «እንጉዳይ፣ አውቃለሁ ቆየሁብሽ። ግን እመልሰዋለሁ። ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

«ጋሽ ወንድይራድ፣ እርስዎ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» አሉ እትዬ እንጉዳይ። «ለእኛ ብለው ይህን ሁሉ ዓመት ቆመዋል። አልረሳውም።» ከዚያ ወደ አቶ ስንሻው ዞሩ። «ስንሻው፣ የምታስፈርመውን ወረቀት እስቲ አንብብልኝ።»

አቶ ስንሻው ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ። «የከተማችን ወፍጮ ታሽጎ አያውቅም።»

«አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

«አቶ ሙሉሰው፣ ታሽጎ የማያውቅ ቤት ባለቤት የት ያድራል?»

አቶ ሙሉሰው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። የሕጉን መጽሐፍ ሊገልጡ ጀመሩና ተዉት። «ደስ ባለው ቦታ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ወር ሙሉ ስመዝን የከረምኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ይህ አልታየኝም።

የገባቸው ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፦ «እንጉዳይ፣ አንቺ ከሄድሽ ድንጋዩን ማን ይወቅርልናል?»

«ወረቀቱ ላይ ጨምሩበታ» አሉ እትዬ እንጉዳይ። «ተወቅሯል ብላችሁ ፈርሙ።»

እትዬ እንጉዳይ ያበጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ወደ አቶ ሙሉሰው ቀረብ አሉ፣ በደንብ እንዲጽፉላቸው።

«ስንሻውን እመርጣለሁ» አሉ፣ ሁለቱም ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። «በሩ ይጠረግ፤ አራሶቹ ዱቄት ያግኙ። ወረቀቱን እናንተ ፈርሙት፤ እኔ አልፈርምም፣ በዚያን ጊዜም እዚህ አልኖርም። ማዶ ከተማ ሄጄ ከማናዬ ጎን እቀመጣለሁ። በሩ ላይ ምንም እንደሌለ በየቀኑ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።»